ኮሌስትሮሉ ኖርማል ነው፣ ቦርጩስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን በጤና ዓምዳችሁ ስለ ኮሌስትሮል ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ክትፎ ቀንሱ፣ ቅቤ ቀንሱ፣ ጥሬ ሥጋ አታዘውትሩ ይላል። ጥሩ ምክር ነው፣ አልጣላውም። ግን ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ሁለቴ ብፈትሸው «ቦርጭ» የምትል ቃል አጣሁበት። ክብደትም ቢሆን መጨረሻ ላይ በግማሽ ዓረፍተ ነገር ብቅ ብሎ ጠፋ። እኔን ያበሳጨኝ ይሄ ነው። ምክንያቱም ሰው ይህን አንብቦ «እኔ ክትፎ የምበላው በዓመት ሁለቴ ነው፣ ስለዚህ አይመለከተኝም» ይልና ጋዜጣውን አጥፎ፣ ቀበቶውን አላልቶ ይቀመጣል። እኔ ራሴ ለ15 ዓመት እንደዚያ ነበርኩ፤ ያውም ሥራዬ የሰው ኮሌስትሮል መለካት ሆኖ።

አዎ፣ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፣ መድኃኒት አላዝም። ደም እቀዳለሁ፣ ማሽን ውስጥ አስገባለሁ፣ ቁጥሩን አትሜ እሰጣለሁ። የምጽፈውም ከዚያ መስኮት ጀርባ ሆኜ ያየሁትን ነው።

የኮሌስትሮል ምርመራ ሲታዘዝ «ጾመው ይምጡ» እንላለን። ከ9 እስከ 12 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ከውኃ በቀር ምንም ሳይቀምሱ ማለታችን ነው። አንድ ዐቢይ ጾም ላይ አንድ አባት ጠዋት መጡ። «ጾመዋል አባባ?» አልኳቸው። «እንዴታ! ከቅበላ ማግስት ጀምሮ!» «ዛሬ ጠዋት ምን ቀመሱ?» «ምንም፤ ሽሮ ፍትፍት ብቻ።» ሁለታችንም ስቀን ለነገ ቀጠርኳቸው። ሌላዋ ደግሞ ማኪያቶ ጠጥታ መጥታ «የጾም ማኪያቶ ነው እኮ» ብላ ተከራክራኛለች። ነገሩ ያስቃል እንጂ ከምለው ጉዳይ ጋር ይያያዛል። እኛ አገር ኮሌስትሮል ሲባል ሰው ቶሎ የሚታየው ፍስክ ነው። ሥጋ፣ ቅቤ፣ እንቁላል። ጾም ከሆነ ነጻ ነኝ ብሎ ያስባል። በጾሙ ሰሞን ግን በዘይት የጨቀየ ጥብስ ድንች፣ ፓስታ፣ ዳቦ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ፣ ለስላሳ በየቀኑ ይገባል። አንዲት 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ብቻዋን 30 ግራም ገደማ ስኳር አላት። ከፋሲካ በኋላ ሲለካ ክብደቱ ከቅበላው ጨምሮ የሚያገኘው ሰው ትንሽ አይደለም፤ ግራ ይገባዋል።

ደም ከተቀዳ በኋላ ትንሽ ይቆይና ይረጋል፤ ከዚያ በሴንትሪፊውጅ ይሽከረከራል። ቀዩ ከታች ይቀራል። ከላይ የሚንሳፈፈው ሴረም ይባላል፤ የጤነኛ ሰው ከሆነ ብርዝ የመሰለ ጥርት ያለ ቢጫ ነው፣ ጋዜጣ ከጀርባው ብታደርጉ ጽሑፉ ይነበባል። አንዳንዱ ግን አሬራ መስሎ ይወጣል። ደፈረሰ፣ ነጣ። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «በቃ ኮሌስትሮል ነው» ይላል። አይደለም። ሴረሙን የሚያደፈርሰው ኮሌስትሮል ሳይሆን ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ሌላው ስብ ነው። ኮሌስትሮሉ 300 የሆነ ሰው ሴረሙ ኩልል ብሎ ሊታይ ይችላል። አሬራ የመሰለውን ብልቃጥ ይዤ በመስኮቱ ወደ መጠባበቂያው አጮልቄ ባለቤቱን ስገምት ግን ብዙ ጊዜ አልሳሳትም፤ ቀበቶውን ከሆዱ በታች የታጠቀው ሰውዬ ነው። የስኳር ሕመም ያለበትና መጠጥ የሚያዘወትርም እንደዚያ ይወጣል፣ ሁልጊዜ ቦርጭ ብቻ ነው አልልም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። አዲስ መሣሪያ ሲገባ ወይም ሲጠገን አንዳንዴ በራሳችን ደም እንሞክረዋለን፣ ስለዚህ የኔ ቁጥሮች ከሥራ ጀማሪነቴ ጀምሮ ደብተሬ ላይ አሉ። በ2001 ዓ.ም. 26 ዓመቴ ነበር። 64 ኪሎ፣ ወገቤ 80 ሴንቲ ሜትር። ጠቅላላ ኮሌስትሮል 172፣ ትራይግሊሰራይድ 95፣ ኤችዲኤል (ጥሩ የሚባለው ኮሌስትሮል) 48። በ2008 ሁለተኛ ልጄ ተወልዶ ነበር። 73 ኪሎ፣ ወገብ 91። ጠቅላላው 184፣ ትራይግሊሰራይዱ 158፣ ኤችዲኤሉ 41። በ2016 ደግሞ 86 ኪሎ፣ ወገብ 104። ጠቅላላ 196፣ ትራይግሊሰራይድ 262፣ ኤችዲኤል 33።

እዩት እንግዲህ። ጠቅላላው ኮሌስትሮል 15 ዓመት ሙሉ ጽሑፋችሁ ድንበር ያደረጋትን 200 አልሞላም። ወረቀት ላይ የመጀመሪያው መስመር እሱ ነው፣ ሰው የሚያየው እሱን ነው፣ እኔም ያየሁት እሱን ነው። መጥፎው የሚባለው ኤልዲኤል እንኳ ሲሰላ 105፣ 111፣ 111 ነው የሚመጣው፤ ምንም አልሆነም ማለት ይቻላል። በዚያው ጊዜ ውስጥ ግን ትራይግሊሰራይዱ ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረው፣ ኤችዲኤሉ ደግሞ አንድ ሦስተኛውን ገደማ አጥቷል። ከነሱ ጎን ማሽኑ ምልክት አድርጎ ነበር። አላየሁትም ብል ውሸት ነው፤ አይቼ አለፍኩት።

አንዱን መስመር ከሌላው መቀነስ ለሚችል ሰው ቀላል ዘዴ አለ። ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤሉን ቀንሱ። የሚቀረው ከደም ሥር ግድግዳ ጋር የሚጣላው ሁሉ ድምር ነው። ከ130 በታች ቢሆን ይመረጣል። የኔ 124 ነበር፣ ከዚያ 143፣ ከዚያ 163። ጠቅላላው «ሰላም ነው» ሲል ይሄኛው እየጮኸ ነበር።

ቦርጭ እንዴት አድርጎ ነው ደም ውስጥ ገብቶ ይህን የሚያደርገው? እኛ አበሾች ለመረዳት የምንቸገር አይመስለኝም፣ ቅርጫ የምንካፈል ሰዎች ነን። በሬ ሲታረድ ያየ ሁሉ ጮማና ሞራ አንድ እንዳልሆኑ ያውቃል። ጮማው ከሥጋው ጋር፣ ከቆዳው ስር ነው። ሞራው ግን ሆድ ዕቃ ውስጥ፣ አንጀቱንና ጨጓራውን እንደ ነጠላ ሸፍኖ የሚገኘው ነው። ሰውም እንደዚያው ነው። በጣት ቆንጥጠን የምንይዘው ከቆዳ ስር ያለው ነው። ሆድን ከውስጥ ገፍቶ ከበሮ የሚያስመስለው ሞራው ነው። አንዳንድ ሰው ሆዱን መትቶ «ድርቅ ያለ ነው፣ ስብ አይደለም፣ ጡንቻ ነው» ይላል፤ እሱ ነው ይበልጥ የሚያሳስበኝ። (ድሮ ሞራ ገላጭ የሚባሉ ሰዎች ነበሩ፣ የታረደ በግ ሞራ አይተው የሚመጣውን የሚናገሩ። እኔም የደም ወረቀት ይዤ ስቀመጥ አንዳንዴ የዘመኑ ሞራ ገላጭ መስዬ ይታየኛል።)

የሞራው ችግር ሰፈሩ ነው። ከሱ የሚወጣው ስብ በቀጥታ ወደ ጉበት በሚወስደው የደም መስመር ይገባል። ኢንሱሊን የሚባለው ሆርሞን ሞራውን «ተው፣ አታፍስስ» ይለው ነበር፤ ሞራ ሲበዛ ግን ትእዛዙን አይሰማም። ጉበት ደግሞ የመጣለትን ስብ ዝም ብሎ አያስቀምጥም። ከፊሉን ራሱ ላይ ያከማቻል፣ የሰባ ጉበት የሚባለው እሱ ነው። የቀረውን አይሱዙ ላይ ጭኖ ወደ ደም ይልከዋል። ትራይግሊሰራይድ ብለን የምንለካው በአብዛኛው ይህንን ጭነት ነው። መኪኖቹ በመንገድ ላይ ከኤችዲኤል ጋር ሲገናኙ ጭነት ይለዋወጣሉ፤ ኤችዲኤሉ ያልለመደውን ስብ ይሸከምና ቶሎ ይፈርሳል፣ ቁጥሩ ይወርዳል። ከኤልዲኤልም ጋር እንዲሁ ይለዋወጣሉ፤ ኤልዲኤሉ እየተሸራረፈ ትንንሽና ድፍን ይሆናል።

ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ናት ሰውን የምታታልለው። የላብራቶሪ ወረቀት ላይ ያለው የኤልዲኤል ቁጥር የሚነግራችሁ ጭነቱን እንጂ የመኪናውን ብዛት አይደለም። 100 ኩንታል እህል በሁለት አይሱዙ ይሄዳል። ያንኑ 100 ኩንታል በ20 ባጃጅ ማጓጓዝም ይቻላል። ኩንታሉ እኩል ነው፣ መንገዱ ግን አንድ አይደለም። የደም ሥሩን ግድግዳ የሚገጨው፣ እየገባ የሚሰገሰገው ተሽከርካሪው ነው። ስለዚህ ቦርጫም ሰው ኤልዲኤሉ 111 ሲባልና ቀጭን ሰው 111 ሲባል ነገሩ እኩል ላይሆን ይችላል።

ዳሌ ላይ የተቀመጠ ስብ እንደዚህ ክፉ አይደለም። ይህን ቀድሞ ያስተዋለው ዣን ቫግ የሚባል የፈረንሳይዋ ማርሴይ ከተማ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ነው ሰው ሁለት ዓይነት ይወፍራል፣ እንደ ወንድ ከላይና ከሆዱ፣ እንደ ሴት ከዳሌውና ከጭኑ፣ ስኳርና የልብ ችግር የሚከተለው የመጀመሪያውን ነው ብሎ የጻፈው። ብዙም ሰሚ አላገኘም ነበር። ቆይቶ 52 አገሮችን ያካተተው ኢንተርሃርት የሚባለው ትልቅ ጥናት በድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የተያዙ ሰዎችን ካልተያዙት ጋር ሲያነጻጽር፣ ከጠቅላላ ክብደት ይልቅ የወገብና የዳሌ ንጽጽር የተሻለ ምልክት ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ዳሌ ማድነቃችን ከሳይንሱ ጋር አያጣላንም፤ ቦርጭ ማድነቃችን ነው የሚያጣላን።

ሴቶች ግን «እኔ ዳሌ ነው ያለኝ» ብላችሁ እንዳትዘናጉ። የወር አበባ ሲቆም ስቡ ቦታ ይቀይራል፣ ወደ ሆድ ይመጣል፣ ኤልዲኤሉም በዚያው ሰሞን ከፍ ይላል። እህቴ 52 ዓመቷ ነው። አበላሏን ምንም ሳትቀይር ቀሚሷ ከወገቧ አልዘጋ ሲላት ልብስ ሰፊዋን ነበር የወቀሰችው።

ቦርጭ ማድነቅ ያልኩትን ታውቁታላችሁ። ሰው ሲወፍር «አማረብህ»፣ «ተመችቶሃል»፣ «ሰው መሰልክ» ይባላል። ሲከሳ «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» ይባላል። አያቶቻችን ረሃብ ያዩ ሰዎች ናቸው፣ ሥጋ መልበስ ደኅንነት ነበር፣ አልፈርድባቸውም። ግን እኔ ከ64 ወደ 86 ስሄድ በ15 ዓመት ውስጥ አንድም ሰው «ምን ሆነህ ነው?» አላለኝም። ጭማሪው ሲካፈል በወር 120 ግራም ገደማ ነው። ማን ያየዋል? ሱሪዬም አልነገረኝም። ቁጥሬ 34 ነበር፣ 34 ሆኖ ብዙ ቆየ፤ ምክንያቱም ሆዴ ሲገፋ ቀበቶዬን ዝቅ አድርጌ ከስሩ ታጠቅኩ። እንደኔ ከሆዳቸው ስር የሚታጠቁ ወንዶችን ሁሉ እዩአቸው። ወገባችን አይደለም የሱሪ ቁጥራችን፤ የቦርጫችን ምድር ቤት ነው።

ይህ ቀስ ማለቱ ነው ዋናው ጉዳይ። በአንድ ቀን የተወሰደ ደም አንድ ፎቶ ነው። ኮሌስትሮል ልብን እንደሚጎዳ ራሱ የታወቀው ሰዎችን ለዓመታት በመከታተል ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ፍሬሚንግሃም በምትባል ከተማ 5,209 ሰዎች ተመዝግበው በየሁለት ዓመቱ እየተመረመሩ ነው ታሪኩ የተገለጠው። የደም ሥር በአንድ በዓል ክትፎ አይደፈንም። ትንሽ ትንሽ እያለ፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት ወስዶ ነው። የኔም ቁጥር አንዱን ዓመት ብቻ ነጥዬ ባየው ምንም አይለኝም ነበር፤ ሦስቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ነው የደነገጥኩት። የኛ ሰው ግን የላብራቶሪ ወረቀት ሐኪም ካየለት በኋላ መንገድ ላይ ይጥላል፤ የምርመራ ክፍሉ ደጃፍ በወረቀት የተሞላ ነው። እናቴ የራጅ ፊልሟን ሁሉ ከ30 ዓመት በፊት ጀምሮ በፌስታል ቋጥራ አልጋ ስር ታስቀምጣለች። ስንስቅባት ኖርን። ልክ ነበረች።

አገራችንን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። በ2007 ዓ.ም. ገደማ በአገር አቀፍ ደረጃ ስቴፕስ የሚባል የጤና ዳሰሳ ተደርጎ ነበር። ጠቅላላ ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለው ሰው ከመቶ 5 ገደማ ብቻ ነበር። ደስ ይላል አይደል? ኤችዲኤላቸው ዝቅ ያለው ግን ከግማሽ በላይ ነበሩ። ይሄ ሁሉ ከቦርጭ መጣ እያልኩ አይደለም፤ አብዛኛው የገጠር ሰው ቀጭን ነው፣ አመጋገቡና ተፈጥሮውም ድርሻ አለው። የምለው ጠቅላላውን ብቻ ያየ ሰው አገሩ ሰላም መስሎት ያልፋል ነው። በዚያ ላይ ከተማ ገብቶ፣ ወንበር ላይ ውሎ፣ በታክሲ ተመላልሶ፣ ቦርጭ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን አስቡት።

ማሰብም አያስፈልግም፣ የታየ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰለሞን በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ከዚያ በፊትም በዘመቻ ሙሴ የሄዱ ነበሩ። ሲገቡ ቀጫጭን ነበሩ፣ ኮሌስትሮላቸውም ዝቅተኛ ነበር። የእህሉ ዓይነት ተለወጠ፣ እግር ጉዞው ቀረ፣ ክብደት መጣ። ከዓመታት በኋላ ስኳርና የደም ግፊት በብዛት ይታይባቸው ጀመር። ያውም ሌላው ሰው ወፍራም በማይባልበት ክብደት ላይ። ስለዚህ «ከፈረንጁ አንጻር እኔ ቀጭን ነኝ» የሚለው መጽናኛ ለኛ ሰው እምብዛም አይሠራም። በዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን መስፈርት ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ወገብ ላይ ሲደረስ ነው ማስጠንቀቂያው የሚጀምረው። ይህ ቁጥር ራሱ ከአውሮፓውያን የተዋሰ ነው፣ መስፈርቱ ለኛ ብሎ ያወጣው የተለየ ቁጥር የለም። አሜሪካኖቹ 102 እና 88 የሚለውን ይጠቀማሉ። እኔ የምይዘው የመጀመሪያውን ነው።

ልኬቱ በሱሪ መስመር አይደለም። የመጨረሻውን የጎን አጥንትና የዳሌን አጥንት አናት በእጃችሁ ፈልጉ፣ መሃላቸው ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር ዙሩበት፣ ተንፍሱ፣ ከዚያ አንብቡ። ሆድ ወደ ውስጥ መሳብ የለም፤ ሜትሩን ማታለል ይቻላል፣ ጉበትን አይቻልም። ሜትር የሌለው ሲባጎ ይውሰድ። በቁመቱ ልክ ይቁረጠው፣ ለሁለት ይጠፈው፣ ወገቡ ላይ ይዙር። ጫፍና ጫፉ ካልተገናኘ ወገቡ ከቁመቱ ግማሽ አልፏል ማለት ነው። እኔ 1 ሜትር ከ72 ነኝ፣ ግማሹ 86 ነው። ሲባጎዬ እንኳን ሊገናኝ አንድ ስንዝር ገደማ ጎድሎኝ ነበር።

ከዚያ ምን አደረግሁ? ጂም አልገባሁም። ላብ የሚያወጣውን ቀበቶም አልገዛሁም፤ እሱ የሚያወጣው ውኃ ነው፣ ማታ ስትጠጡ ይመለሳል። በቴሌግራም የሚሸጠውን «ቦርጭ አጥፊ ሻይ»ም እንዲሁ። የሆድ ስፖርት ብቻ ሞራ ያቀልጣል የሚሉም አሉ፤ ጡንቻውን ያጠነክራል እንጂ ከየት እንደሚቀንስ የሚመርጠው ሰውነት ነው። የኔ ዝርዝር አሰልቺ ነው። ማኪያቶው ላይ ስኳር ተውኩ። ከሥራ በኋላ ከጓደኞቼ ጋር የነበረችው ሁለት ጃምቦ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ሆነች፤ መጠጥና ስኳር ትራይግሊሰራይድን እንደሚሰቅሉ በየቀኑ እያየሁ ለራሴ አልነገርኩትም ነበር። ማታ ሁለት እንጀራ ወደ አንድ ወረደ፣ ምስርና ጎመኑ በዛ። ሁለት ፌርማታ ቀድሜ እወርዳለሁ። እግረኛ መንገዱ አሁን ከድሮው ይሻላል፣ ምክንያት የለኝም። እሁድ እሁድ ደግሞ በ2011 የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ባለባቸው ቀኖች ልጆቼን ይዤ እወጣለሁ። ከሁሉም ያስቸገረኝ ቤት ነው። ባለቤቴ «ምን አጠፋሁ፣ ወጡ አልጣፈጠም?» ብላ ሳምንት አኩርፋለች። ጉርሻ ሲመጣ እምቢ ማለት ከባድ ነው፣ አንዱን እቀበላለሁ።

በ2017 ዓ.ም. ለካሁት። 79 ኪሎ፣ ወገብ 96። ሰባት ኪሎ ነው፣ ከክብደቴ 8 በመቶ ገደማ። ትራይግሊሰራይዱ ከ262 ወደ 164 ወረደ። ጠቅላላው 181። ኤችዲኤሉ 38 ብቻ ነው፣ ከ33። እሱ ስንፍና አለበት፣ ሰው እየከሳ ባለበት ጊዜ አይነሳም፣ ክብደቱ ሲረጋ ነው ቀስ ብሎ የሚወጣው። ኤልዲኤሉስ? 110። ያው ነው። ይህንን ሳልደብቅ የምጽፈው ሰው እንዳይሳሳት ነው። ቦርጭ መቀነስ በዋናነት የሚያስተካክለው ትራይግሊሰራይዱንና ኤችዲኤሉን ነው። ኤልዲኤሉ ራሱ ከፍ ያለበት ሰው ሌላ ሥራ አለበት። እዚያ ላይ የእናንተ ጸሐፊ ትክክል ነው፤ ንጥር ቅቤውና ጮማው ይነሳል። እኔ ግን የሚረጋውን ዘይትም እጨምርበታለሁ። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ነው፣ ለዚያ ነው አዲስ አበባ ብርድ ውስጥ ጄሪካኑ ውስጥ ደርቆ የሚያድረው። ጾም ነው ብሎ በሱ የሚጠበስ ብስኩት ከቅቤ ብዙ አይርቅም።

በዘር የሚመጣም አለ። ስፖርተኛ የሆነ፣ ሸንቃጣ፣ የ30 ዓመት ልጅ ኤልዲኤሉ 240 ወጥቶ አይቻለሁ። ማሽኑ ተሳስቷል ብዬ ደግሜ ሠራሁት፣ ያው ወጣ። አባቱ በ45 ዓመቱ በልብ እንደሞተ የነገረኝ በኋላ ነው። እንደሱ ያለውን ሩጫም ጎመንም ብቻውን አይመልሰውም፣ መድኃኒት ያስፈልገዋል። መድኃኒት የታዘዘለት ሰው የኔን ደብዳቤ አንብቦ ኪኒኑን እንዳያቆም እለምናለሁ፤ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ፈጭቶ መጠጣት የሱን ቦታ አይተካም።

እንግዲህ ከእናንተ የምፈልገው ይህ ነው። ሌላ ጊዜ ስለ ኮሌስትሮል ስትጽፉ አንዱን ቁጥር ብቻ አትጻፉ፣ አራቱንም ጻፉ። ከጎኑ ወገብን ጨምሩበት። «ከ200 በታች ከሆነ አያሳስብም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ደግሞ አርሙልኝ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ከፎቶው ስር ያለው ነው። የኔ 196 ነበር። ቦታ ካላችሁ ሲባጎውንም ሥዕል አድርጋችሁ አውጡት፣ ምንም አያስወጣም።

ባለፈው ሳምንት ሊስትሮው ጋ ጫማ ላስጠርግ ተቀምጬ ቀበቶዬን አውጥቼ በወስፌ አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ እንዲበሳልኝ ሰጠሁት። አሥር ብር አስከፈለኝ። እየበሳ ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ አሞዎት ነበር እንዴ?» አለኝ።

ከአክብሮት ጋር
የላብራቶሪ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ
(ስሜ እንዳይወጣ፤ የሥራ ባልደረቦቼ የወገቤን ልክ ባያውቁት ይሻላል)